የእናቱ ሽንት ይመረመራል፤ የልጁስ?

በየቴሌግራሙ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይለጠፋል። ሁለት ኩላሊት ሥራ አቁሟል፣ እጥበት ላይ ነው፣ ወገን ድረስ። ወገንም አቅሙ የፈቀደውን ያስገባል። ደግ ነው፣ ይቀጥል። ግን አንድ የማይጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ይህ ኩላሊት መታመም የጀመረው መቼ ነው? መልሱ አንዳንዴ ወደ ልጅነት ይወስዳል፤ ፊቱ ጠዋት ጠዋት አብጦ ሲነሳ ማንም ሽንቱን ወዳላየለት ልጅ።

«ኩላሊት የትልቅ ሰው በሽታ ነው» የሚለው ወሬ ልጆችን እየጎዳ ነው። ከጉና ግርጌ እስከ ጋይንት፣ ከፋርጣ እስከ ስማዳ ያለ ወላጅ ይህን ወሬ አምኖ ቢቀመጥ አይፈረድበትም። የሚፈረደው እያወቁ ዝም ባሉት ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገጠር ቤት ሲቃጠል አንዱ «እሪ!» ይላል፤ መንደሩ ውኃ ይዞ ይሮጣል። በሰውነት ውስጥም እንደዚያው ነው። ጀርም ሲገባ የመከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ የጥሪ ሞለኪውሎችን ይለቃሉ። ኢንተርሊውኪን 1፣ ኢንተርሊውኪን 6 እና ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባሉት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ትኩሳቱም፣ መቅላቱም፣ እብጠቱም የነሱ እሪታ ነው። እሪታው በጊዜው ካቆመ ልጁ ይድናል። ካላቆመ ግን እሳት ሊያጠፋ የመጣው ሕዝብ ራሱ ቤቱን ያፈርሰዋል።

ደምና ኩላሊት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሞለኪውሎች የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ቀስቅሰው ደም እንዲረጋ ያዘጋጁታል። ለቁስል ይህ በጎ ነው። ነገር ግን አንድ ኩላሊት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ማጣሪያዎች አሉት፤ እያንዳንዱም የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉንጉን ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ጀርሙ ሺጋ የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ከሆነ መርዙ እነዚህን ደም ሥሮች ይመታል፤ እሪታውም ግድግዳቸው መርዙን ይበልጥ እንዲቀበል ያደርገዋል። ጥቃቅን ርጋታዎች ማጣሪያውን ይደፍናሉ፤ ደም የሚያቆሙት ፕላትሌቶችም እዚያው ያልቃሉ። ተቅማጡ ቆመ ተብሎ እፎይ ሲባል ልጁ ይገረጣል፣ ሽንቱም ይቀንሳል።

ሌላው መንገድ በጉሮሮና በቆዳ በኩል ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ካሳመመ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ ቆዳን ካቆሰለ ደግሞ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ኩላሊት ሊቆጣ ይችላል። ሽንቱ ኮካ ኮላ ይመስላል፣ ፊት ያብጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ክትትል ካገኙ አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ። ግፊቱ ሳይለካ የቀረው ግን በሚጥል በሽታ መልክ ተንቀጥቅጦ ሊሞት ይችላል።

ታዲያ በደጋው የልጅ ጉሮሮ ሲታመም ምን ይደረጋል? እንጥሉ ይቆረጣል። ይህ ጽሑፍ ለማንም ይሉኝታ ይዞ አያልፈውም፤ እንጥል መቁረጥ ጀርሙን አይነቅልም፣ በቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል። ፕላትሌቱ ያነሰ ልጅ ከሆነ ደግሞ ደሙ አልቆም ይላል። የሚያስፈልገው የጤና ባለሙያ የሚያዝዘው ፔኒሲሊን ነው። ፔኒሲሊን ኩላሊትን በእርግጠኝነት አይጠብቅም፤ ልብን ግን ከሪውማቲክ ትኩሳት ያድናል፣ ጀርሙም በአንድ መደብ ወደሚተኙት እህት ወንድሞች እንዳይሻገር ይረዳል።

ጥፋቱ የእናቶች ብቻ አይደለም። በጤና ተቋም የሁለት እግር እብጠት ያለው ሕፃን በመመሪያው መሠረት የከፋ የምግብ እጥረት ተብሎ ይመዘገባል። መመሪያው ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ያበጠ ሁሉ የተራበ አይደለም። ኔፍሮቲክ ሲንድሮም በሚባለው ሕመም ማጣሪያው ፕሮቲን በሽንት ያፈስሳል፤ ልጁ ያብጣል። አብሮም ደም እንዳይረጋ የሚቆጣጠሩት ፕሮቲኖች ይፈስሳሉና ደሙ በደም ሥሩ ውስጥ የመርጋት አደጋ አለው። ለዚህ ልጅ ፕላምፒ ነት ሰጥቶ መሸኘት ማከም አይደለም። የአብዛኞቹን ሕመም በሳምንታት ውስጥ የሚያስታግሰው ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ያንን እሪታ ዝም የሚያሰኝ፣ ዓለም ለአሥርት ዓመታት የሚያውቀው ርካሽ ክኒን።

ሁለቱን የሚለየው ምንድን ነው? ሽንት ውስጥ የሚነከር ቁራጭ ወረቀት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀለሙ ተለውጦ ፕሮቲንም ደምም መኖሩን ይናገራል። ይህ ወረቀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ነፍሰ ጡር ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትመጣ ሽንቷ የሚታይበት እሱው ነው። ለእናቱ የሚነከረው ወረቀት አብጦ ለመጣው ልጇ የማይነከረው በምን ሕግ ነው?

«በጀት የለም» ይባላል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሲጀመር አገር አጨበጨበ፤ ማጨብጨብም ይገባ ነበር። የእጥበት ማሽን ሲመጣም ሪባን ይቆረጣል። ለሽንት መመርመሪያ ወረቀት ግን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም፤ ፎቶ አያምርበትማ! አንዱ ማሽን ከሚበላው ገንዘብ ስንት ጤና ጣቢያ ወረቀት ያገኝ እንደነበር የሚያሰላም የለም።

«ጦርነት ነው፣ መንገድ ዝግ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ለዚያው ነው ነገሩ የሚያስቸኩለው። መንገድ ሲዘጋ ከስማዳ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦርም ባሕር ዳር «ሪፈር» የተባለ ልጅ ቤቱ ይቀራል። አዲስ አበባማ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዘግይቶ የታወቀ በሽታ ሆስፒታል ይፈልጋል፤ ቀድሞ የታወቀው ግን ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ይታከማል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ተራራ ማንሳት አይደለም። ያበጠ፣ የገረጣ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም የቀነሰ ልጅ ሁሉ ሽንቱ ይታይ፣ ግፊቱም በልጅ ልክ በተሠራ መለኪያ ይለካ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወረቀቱ ጤና ኬላ ድረስ ይውረድ። መድኃኒት ቤቶችም ተቅማጥ ላደረቀው ሕፃን ዳይክሎፌናክ መሸጥ ያቁሙ፤ የደረቀ ኩላሊት ያንን አይችልም። ወላጅ ልጁን ጠበል ይውሰድ፣ ማንም አይከለክለውም፤ መንገዱን ግን በጤና ጣቢያ በኩል ያድርገው።

የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን ማጋራት አይቅር። ይህንንም ለምታውቋት አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አድርሱ። የዛሬ ሃያ ዓመት የሚለጠፈው ፎቶ ዛሬ ፊቱ አብጦ ከተነሳው ልጅ ነው።