ተመልሶ የሚመጣው ማን ነው?

ፎቶው ሁልጊዜ አንድ ነው። ስንዴ ማሳ መሐል የቆመ አርሶ አደር፣ ትከሻው ላይ ጋቢ፣ እጁ ላይ ስማርት ስልክ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ። ሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ባሉ የስብሰባ አዳራሾች ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ሲታይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከፎቶው ቀጥሎ የሚመጣው ቃልም አይለወጥም፤ «ተደራሽ» ነው። ስልጠናን ለገጠሩ ኅብረተሰብ ተደራሽ ማድረግ። በኦንላይን መድረክ ተደራሽነትን ማስፋት። ይህን ያህል ሺህ ሴቶችን፣ ይህን ያህል ሺህ ወጣቶችን ተደራሽ ማድረግ።

ይህ ቃል እየከበደኝ መጥቷል። በእኛ አነጋገር እንግዳ «ደረሰ» የሚባለው ደጃፍ ላይ ሲቆም ነው። ቤቱ እሳት የተነሳበት፣ በሬው ገደል የገባበት ሰው «ድረሱልኝ!» ብሎ ሲጮህ ጆሮው የሚጠብቀው የሰው ኮቴ ነው። ደራሽ ማለት ጉልበቱን ይዞ የመጣ፣ ነገሩ እስኪያበቃም አብሮ የቆየ ሰው ነው። በሪፖርቶቻችን ውስጥ ግን መድረስ ማለት አንድ የስልክ ቁጥር መመዝገቡ፣ አንድ ቪዲዮ መከፈቱ፣ አንድ የምስክር ወረቀት መታተሙ ሆኗል። የምሟገተው ከዚህ ጋር ነው። ስልጠና ማለት ትምህርቱን ወደ ሰው መላክ ነው የሚለው ሐሳብ ስህተት ነው፤ በገጠር ደግሞ ዋጋ የሚያስከፍል ስህተት ነው። ገበሬ የሚሰለጥነው ያስተማረው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ሐሳቡ የአንድ መሥሪያ ቤት ሳይሆን የዘመኑ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በኦንላይን በነፃ የሚሰጥ ስልጠና ነው፤ ግቡም በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ወጣት ማሰልጠን ነው። ላፕቶፕ ያለው፣ እንግሊዝኛ አንብቦ የሚረዳ የአዲስ አበባ ልጅ ብዙ ሊያተርፍበት ይችላል፤ ቢያተርፍበትም ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ አብሮ የመጣው ልማድ ነው። የሰብል፣ የንብ ማነብ፣ የቁጠባ፣ የጤና ስልጠና ሁሉ በዚያው መልክ ይታሰብ ጀመር። ቪዲዮውን መድረኩ ላይ እንጫን፣ ሊንኩን በቴሌግራም እንልቀቅ፣ የተመዘገበውን እንቁጠር።

በበለጸጉት አገሮች እንኳ ውጤቱ የተባለውን ያህል አልሆነም። ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ ባቋቋሙት በኤድኤክስ መድረክ ላይ የሰጧቸውን ኮርሶች የመረመሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በ2017/18 ከተመዘገቡት መካከል ኮርሱን የጨረሱት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ተማሪዎችም ከሀብታም አገሮች የመጡ ነበሩ። መብራት የማይጠፋበት፣ ኢንተርኔት የማይቆራረጥበት፣ የራሱ ጠረጴዛና ወንበር ያለው ሰው ጀምሮ ይተወዋል። እኛ ያንኑ መንገድ ከብት ጠብቆ፣ ውኃ ቀድቶ፣ ማሳ ውሎ ለሚመጣ ሰው እንደ መፍትሔ እናቀርባለን።

የእኛን ሁኔታ ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልልም። ከሕዝባችን ሦስት አራተኛ ያህሉ ገጠር ይኖራል፤ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ነው። በብዙ ቀበሌ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው በገበያ ቀን፣ ከተማ ወርዶ፣ ተከፍሎበት ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ከጉብታው ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ስልክ ከሆነ የሚውለው ባል ኪስ ውስጥ ነው፤ የዶሮ እርባታው ስልጠና የታሰበው ግን ለሚስት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ወረዳዎች ለወራት እንደተዘጋባቸው ቆዩ። በትግራይ ከዚያ በፊት የሆነው መቋረጥም ይታወቃል። አንድ ቀን በአንድ ማብሪያና ማጥፊያ ሊቆም በሚችል ነገር ላይ የአንድን አካባቢ ስልጠና ሙሉ በሙሉ ማንጠልጠል ኃላፊነት የጎደለው አሠራር ነው።

መልሱን አውቀዋለሁ፤ «መሠረተ ልማቱ ሲሟላ ይስተካከላል» ይሉኛል። ይሟላ እንበል። ነገ ጠዋት እያንዳንዱ ጎጆ መብራት፣ እያንዳንዱ እጅ ስማርት ስልክ ይኑረው። ያኔም ቢሆን ጥያቄዬ አይቀርም፤ ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሄደንበታልና።

ፕላዝማን የማያስታውስ የእኔ ዘመን ተማሪ የለም። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። ፕሮግራሞቹ የተሠሩት ደቡብ አፍሪካ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ። ዓላማው መልካም ነበር፦ ጥሩ አስተማሪ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ከአዲስ አበባው ጋር እኩል ትምህርት ያግኝ። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ወሰደው። ለአስተማሪው የቀሩት መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ መልሱን ራሷ ትናገራለች፣ ታልፋለች። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። አስተማሪው ጥግ ላይ ቆሞ ከተማሪው ጋር አብሮ ይመለከታል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት ጠፋ፤ ነገ ፕሮግራሙ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሄዳል እንጂ ተማሪዎቹን አይጠብቅም። ከፕላዝማው ጉድለቶች ሁሉ ትልቁ ይኸው ይመስለኛል፤ አስተማሪውን ከአስተማሪነት ወደ ተመልካችነት ማውረዱ።

ይህን ስጽፍ የተቀመጥኩበት ሰፈር ስም ሌላ ታሪክ ያስታውሰኛል። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ ያልተቀበለች፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊትም የተሟገተችልን አገር ናት። ንጉሠ ነገሥቱም በ1946 ዓ.ም. ጎብኝተዋታል፤ በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። ያቺ አገር እ.ኤ.አ. በ1968 ቴሌሴኩንዳሪያ የሚባል ትምህርት ጀመረች። ተማሪያቸው ጥቂት ስለሆነ መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማይከፈትላቸው የገጠር መንደሮች የታሰበ ነበር። እዚያም ትምህርቱ የሚመጣው በቴሌቪዥን ነው። ልዩነቱ የጊዜው አከፋፈል ነው። ቴሌቪዥኑ ሩብ ሰዓት ያህል ያሳያል፤ ከዚያ ይዘጋል። ቀሪው ጊዜ የመጽሐፉ፣ የውይይቱና በክፍሉ ውስጥ የሚውለው የአንድ አስተማሪ ነው። ያ አስተማሪ ሁሉንም ትምህርት ያስተምራል፤ ልጆቹንም በስም ያውቃቸዋል። ዛሬም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተማሪ በዚህ መንገድ ይማራል። ጉድለቱን የሚተቹ የራሷ የሜክሲኮ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሟል። የእኛ ፕላዝማ ስክሪኖች በብዙ ትምህርት ቤት አቧራ ለብሰው ቀሩ። ሁለቱም ቴሌቪዥን ነበራቸው። አንዱ ሰውየውን ክፍል ውስጥ አስቀረ፣ ሌላው ገፋው።

ከአዲስ አበባው የሜክሲኮ ባቡር ጣቢያ ወደ ልደታ ሲኬድ ቀጥሎ ያለው ፌርማታ በሙያ ትምህርት ቤቱ ስም ተግባረ እድ ይባላል። ግዕዙ የእጅ ሥራ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ብየዳ የሚማር ወጣት ብረቱን ሲያቃጥለው አስተማሪው ያያል፣ ክንዱን ይይዝለታል፣ ማዕዘኑን ያስተካክልለታል፣ «ድገመው» ይለዋል። ማናችንም ብንሆን ያ ወጣት ብየዳን በስልክ ብቻ ይማር ብንባል አንቀበልም፤ የአዲስ አበባ ወላጅም አይቀበልም። እርሻ ከብየዳ ያነሰ እጅ ይጠይቃል ያለው ማን ነው? ለከተማው ልጅ ያልበቃ ስልጠና ለገበሬው በቃ የሚለው አስተሳሰብ ነው በጣም የሚያስቆጣኝ። ከሩቅ ሆነው ሲያዩት የገበሬ ሥራ ቀላል ይመስላል።

ጤፍን በመስመር መዝራትን እንውሰድ። በሄክታር 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ይበተን የነበረውን ዘር ወደ 5 ኪሎ አውርዶ በመስመር መዝራት ምርት ይጨምራል ተብሎ በስፋት ተሠራበት። ሐሳቡን በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ማስረዳት ይቻላል። ማሳው ላይ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። የጤፍ ዘር በጣት መሐል የማይያዝ ደቃቅ ነው። ዋልካው መሬት ዝናብ ሲጠጣ እግር ይውጣል። መስመሩን ለማውጣት ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ሁሉም ጎረቤት የራሱን ማሳ ይዟል፣ ደቦ አይገኝም። ገበሬው ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀር? ግማሹን በመስመር፣ ግማሹን በብተና ያድርግ? ዘሩን ከአሸዋ ቀላቅሎ ቢዘራስ? እነዚህን ጥያቄዎች ቪዲዮው አይሰማቸውም። የሚሰማቸው ጫማው ላይ ጭቃ የተጋገረበት፣ ያንን መሬት የሚያውቅ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ከእሱም የሚጠበቀው ሲዘራ አንድ ቀን፣ ሲበቅል አንድ ቀን፣ ሲታረም አንድ ቀን መምጣት ነው። ያኔ ገበሬው የሠራውን ያሳየዋል፤ ሠራተኛውም ካየው ተነስቶ ምክሩን ያስተካክላል። መማማር የምለው ይህንን ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ሊሠራ እንደሚችል ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን አሰማራ፤ አንድ ዓመት ገደማ ሰልጥነው ወደየአካባቢያቸው የተመለሱ ወጣቶች ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ቤት ለቤት ሄደው መፀዳጃ እንዲቆፈር፣ ሕፃን እንዲከተብ፣ እናት ጤና ጣቢያ እንድትወልድ አስተማሩ። ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናትን ቁጥር በሁለት ሦስተኛ የመቀነስ የምዕተ ዓመቱን ግብ ከቀነ ገደቡ ቀድማ ስትደርስበት የእነዚህ ሴቶች ድርሻ ትልቅ ነበር። ያች ሴት ባለፈው ወር «ቆፍሩ» ያለችውን ጉድጓድ በዚህ ወር መጥታ ታያለች። ጎረቤት ሁሉ እንደምትመለስ ያውቃል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም በዚሁ ሐሳብ ነበር የተመደቡት፤ ለአንድ ቀበሌ ሦስት፣ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት፣ ከነአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ። ዛሬ ብዙዎቹ ማዕከላት በራቸው ተቆልፏል ወይም ሰርቶ ማሳያቸው ዳዋ ለብሷል። ሠራተኛው ማዳበሪያ ሲያከፋፍል፣ ብድር ሲያስመልስ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ ቅጽ ሲሞላ ይውላል። ደመወዙ ትንሽ፣ መጓጓዣው የራሱ እግር ነው። ይህን ሁሉ እያየን አዲስ ብር ሲገኝ ወደ አዲስ መድረክ እንወስደዋለን።

ቴክኖሎጂ ይቅር ማለቴ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የግብርና ምክር የስልክ መስመር ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ተራ ስልክ ይበቃዋል፣ በድምፅ ይናገራል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ይመልሳል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ይጠቀምበታል። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት የሚሠራበት መንገድም የተሻለ ነው፤ የአካባቢው ገበሬ ራሱ በቋንቋው ሲሠራ ይቀረጻል፣ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለጎረቤቶቹ በቡድን ይታያል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቪዲዮውን እያቆመ ያወያያል፣ በኋላም ማን እንደሞከረው ማሳ ድረስ ሄዶ ያያል። በሁለቱም ውስጥ መሣሪያው የሰውየውን ቦታ አልወሰደም። የ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ 15 ቋንቋዎች ድረስ ወርዶ ያስተማረው ኮምፒውተር ሳይኖር ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተር ይዘን በእንግሊዝኛ ብቻ የምናስተምርበት ምክንያት አይገባኝም።

«ሰው ውድ ነው፣ ቪዲዮ ርካሽ ነው» የሚለው ክርክር ጠንካራው ነው። እውነት ነው፣ ቪዲዮ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሚሊዮን ይበቃል። ግን የምናካፍለው በምን ነው? ወጪውን በተመዘገበው ቁጥር ብናካፍለው ርካሽ ይሆናል። አሠራሩን በቀየረው ማሳ፣ ባልሞተችው ጥጃ፣ ከነቀዝ በተረፈው ጎተራ ብናካፍለውስ? ያንን ስሌት በስብሰባዎቻችን ሲሠራ አላየሁም። ቀላሉን ቁጥር ስለያዝን ቀላሉን ሥራ መረጥን።

ስለዚህ ሜክሲኮ አካባቢ በሚደረገው የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ፣ ያ ፎቶ ከታየ በኋላ፣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የዕቅዱ ሠንጠረዥ ላይ «ተደራሽ የሆኑ» ከሚለው ዓምድ ጎን ሌላ ዓምድ ይጨመር። በዚያም ውስጥ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ይጻፍ፦ ሰልጣኙ ባልገባው ቀን የሚመጣው ሰው ማን ነው፣ በስንተኛው ቀን ይመለሳል፣ በምን ይመጣል፣ የሞተር ሳይክሉን ነዳጅ የሚከፍለው ማን ነው። ዓምዱ ባዶ ከሆነ በጀቱ አይፈረም።