ዶሮዋም ትመርጣለች

አንጉስ ቤትማን እ.ኤ.አ. በ1948 የፍራፍሬ ዝንብ ሙከራውን አሳትሞ፣ ወንዱ ያገኛትን ሁሉ ይሻል፣ ሴቷን ግን ብዙ ወንድ አይጠቅማትም አለ። ዛሬም ይህን የተፈጥሮ ሕግ አድርገው የሚጽፉ አሉ። አልቀበለውም!

በበዓል ሰሞን መርካቶ ገብተን ገብስማውን ከወሰራው እያማረጥን የምንገዛው እኛ ነን፤ በነጻነት ስትኖር ግን መራጯ ዶሮዋ ናት። ቶማሶ ፒዛሪና ቲም በርክሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 በ«ኔቸር» መጽሔት እንዳሳዩት፣ በመንጋው ውስጥ የበታች የሆነ አውራ ዶሮ አስገድዶ ሲገናኛት ዘሩን ከሰውነቷ አውጥታ ትጥላለች። ጉልበት አሸነፈ ሲባል እሷ ውሳኔውን ሽራዋለች። የቤትማን ሙከራስ? እ.ኤ.አ. በ2012 ፓትሪሺያ ጎዋቲና ባልደረቦቻቸው ደገሙት፤ ከሁለቱም ወላጆች ጉድለት የወረሱት ዝንቦች ቀድመው ስለሚሞቱ ቆጠራው የተዛባ ነበር።

ሴቷን ዝምተኛ ተቀባይ የሚያደርግ ጸሐፊ መጀመሪያ ለዚህ ማስረጃ መልስ ይስጥ።