መዝጊያ ያለው እሳት

በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች በጋው ሲደርቅ የፌዴራሉ የደን አገልግሎት የእሳት ክልከላ ያወጣል። ከተዘጋጁ ቦታዎች ውጭ እንጨት ማንደድ ይታገዳል፤ ተራራ ላይ የሚያድር መንገደኛ በጀርባው የሚሸከማት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ግን ብዙውን ጊዜ ትፈቀዳለች። ምክንያቱ መዝጊያ ስላላት ነው። በአልኮል የምትሠራው ምድጃ ነበልባሏ ትንሽ ቢሆንም መዝጊያ ስለሌላት አብዛኛውን ጊዜ ትከለከላለች። ሕጉ የሚለካው የእሳቱን ትልቅነት ሳይሆን ሰው በፈለገ ጊዜ ሊያጠፋው መቻሉን ነው። ትዕዛዙን መጣስ እስከ 5,000 ዶላር መቀጮና እስከ 6 ወር እስራት ያስከትላል፤ በኮሎራዶና በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልብ ይበሉ።

መለኪያው ብልህ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2005 በቺሊው ቶሬስ ዴል ፓይኔ ብሔራዊ ፓርክ አንድ የቼክ ቱሪስት ካምፕ ባልተፈቀደበት ስፍራ የጋዝ ምድጃ ለኮሰ። ምድጃዋ በኃይለኛ ነፋስ ተገለበጠች። 15,000 ሄክታር ገደማ ነደደ፤ ሰውየው የተቀጣው ወደ 200 ዶላር ነው። (የቼክ መንግሥት ለደኑ መልሶ ማልማት ድጋፍ ማድረጉ ያስመሰግነዋል።) ሣሩ አንዴ ከተያያዘ መዝጊያው ምን ይፈይዳል?

ታዲያ ምድጃ ጭራሽ ይከልከል? አይመስለኝም። ብርድ የያዘው መንገደኛ ተደብቆ መለኮሱ አይቀርም፤ ተደብቆ የሚለኩስ ደግሞ ቦታ አይመርጥም። ከመዝጊያው ይልቅ ብዙዎቹ የአሜሪካ ትዕዛዞች ከጎኑ የሚያስቀምጡት ሁኔታ ይበልጥብኛል፦ በምድጃዋ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ከሣርና ከቅጠል የጸዳ መሬት። እዚያ ላይ ነፋስ ሲበረታ ፈቃዱ ይቋረጣል የሚል አንድ መስመር መጨመር ነው። ያን ምሽት ቆሎ ይበላል።