«ፊውዙን በሽቦ ቀጠለው፤ እኔ እንቅልፍ አጣሁ!»

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ማንበብ ስጀምር ፈገግ ብዬ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ደብዳቤው የፍቅር ነው ስትሉት የኤሌክትሪክ ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ ነው ስትሉት ደግሞ ተመልሶ የፍቅር። ጠያቂያችን ስሟ እንዲወጣ አትፈልግም። እንዲህ ትላለች፦

«ዕድሜዬ 26 ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ወንድሜ ጋር ነው። እጮኛዬ ቅዳሜና እሁድ ይመጣል (ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እንዳትፈርዱብኝ!)። ታላቅ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ለእረፍት ስትመጣ ‹ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እሳት ሳይነካ ምግቡን አሙቆ ይብላ› ብላ፣ በሻንጣ ኪሎ ተጨቃጭቃ ማይክሮዌቭ አመጣችልን።

ከወር በፊት ወጥ እያሞቅኩ ድርግም አለ። መብራቱ የለ፣ ሰዓቱ የለ፣ ጸጥ! እጮኛዬ ዕቃ መፈታታት ይወዳል። ‹ለዚህማ ሰው አንጠራም› ብሎ በካቻቢቴ ፈታው። ፊውዙ ነው የተቃጠለው አለ፤ እውነትም ነበር። አዲስ ገዝቶ ከተተበት። ሁለት ቀን ሠራና ያም ተቃጠለ። ሦስተኛ ግን አልገዛም። ከአሮጌ ገመድ የመዳብ ክር መዝዞ የፊውዙን ሁለት ጫፍ አገናኘበት። ደግሞ በሳምንቱ እየሠራ ራሱ መጥፋት ጀመረ፤ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ‹ይሄ ቴርሞስታት ነው የሚያስቸግረው› ብሎ እሱንም ዘሎ ሽቦዎቹን አጋጠማቸው። አሁን አይጠፋም። ግን ጀርባው እንደ ምጣድ ይግላል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸተኛል። ስነግረው ‹አንቺ እኮ ሁሌም የምታምኚው ሌላ ሰው ነው› ብሎ አኮረፈ። ደሞዜ ከእሱ ስለሚበልጥ ነገሩ ከማይክሮዌቩም ያለፈ ይመስለኛል። እህቴ ለፋሲካ ትመጣለች። እውነት አደጋ አለው ወይስ ፈሪ እኔ ነኝ? ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ።»

ውድ እህቴ፣ መልሱን ሳትጨርሺ ተነሺና ሶኬቱን ንቀይው። አጥፊው አላልኩም፤ ንቀይው። ገመዱንም ጠቅልለሽ ወንድምሽ በማያገኝበት ቦታ እሰሪው። ከዚያ ተመልሰሽ ማንበብ ትችያለሽ።

ፈሪ አይደለሽም። አፍንጫሽ በትክክል እየሠራ ነው።

ፊውዝ፣ የድሮ ሰዎች ቫልቮላ የሚሉት ነገር፣ ውስጧ አንዲት ቀጭን ክር ናት። በእኛ 220 ቮልት የሚሠሩ የቤት ማይክሮዌቮች ብዙውን ጊዜ 8 ወይም 10 አምፔር የተጻፈባት፣ ነጭ የሸክላ ቱቦ የለበሰች ፊውዝ አላቸው። ከተባለው በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ክሯ ቀልጣ ትበጠሳለች፤ መንገዱ ይዘጋል። የእጮኛሽ የመዳብ ክር ግን የእሷን ብዙ እጥፍ ተሸክሞ ሳይበጠስ ሊቆይ ይችላል። ያን ጊዜ ቀልጦ የሚገኘው የማይክሮዌቩ ገመድ፣ ሶኬቱ ወይም ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ግድግዳው የጎረቤትም ነው።

እዚህ ላይ እኔም ንጹህ አይደለሁም። ተማሪ ሳለሁ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ የምድጃዬ ፊውዝ ሲቃጠልብኝ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልዬ መለስኩት። ሠራልኝ፤ ለጓደኞቼም ጉራ ነዛሁበት። በሦስተኛው ቀን ሶኬቱ ጠቁሮ ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ባለቤቲቱ እማማ ያኔ የተናገሩኝን ጋዜጣ ላይ ማውጣት አይቻልም።

እጮኛሽ የተሳሳተው ሁለተኛው ፊውዝ በሁለት ቀን ሲቃጠል ‹ለምን?› ብሎ ባለመጠየቁ ነው። የማይክሮዌቭ በር ተራ በር እንዳይመስልሽ። ከመቆለፊያው ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትንንሽ ማብሪያዎች አሉ። ሁለቱ በሩ ሲከፈት ኃይሉን ይቆርጣሉ። ሦስተኛው ሰላይ ነው። ሁለቱ ሥራቸውን ካልሠሩና በሩ ተከፍቶ ማሽኑ መሥራቱን ሊቀጥል ከሆነ፣ ሆን ብሎ ሾርት ይፈጥርና ፊውዙን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ፊውዙ የሚቃጠለው በሩ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ከሆነ ጠያቂው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው እነዚህን ማብሪያዎች ነው። ማሞቅ ሲጀምር ‹እምም› ብሎ አጉረምርሞ ከሆነ የሚቃጠለው ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ካፓሲተሩና ወደ ዳዮዱ ይዞራል።

አሁን የወንድምሽን ነገር አስቢው። በመዳብ ክር ምክንያት የሰላዩ እጅ ታስሯል። ማብሪያዎቹ ከተበላሹ፣ ልጁ በሩን ሲከፍት ማሽኑ እንዳይሠራ የሚከለክለው የመጨረሻው ዘበኛ የለም። እኔን ከሽታው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ወደ ቴርሞስታቱ እንምጣ። ሁለት እግር ያላት፣ ከአንድ ሳንቲም ብዙም የማትበልጥ ክብ ነገር ናት። አንዷ ጨረሩን የሚያመነጨው ማግኔትሮን ላይ፣ ሌላዋ ብዙ ጊዜ ምግብ የሚገባበት ሳጥን ጣሪያ ላይ ትታሰራለች። ላይዋ ላይ 120፣ 145፣ 160 የመሳሰለ ቁጥር ይጻፍባታል፤ የሙቀት ልክ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ውስጧ ያለው ብረት ተቆልምሞ መንገዱን ይቆርጣል። አንዳንዷ ስትቀዘቅዝ ትመለሳለች፤ አንዳንዷ አንዴ ከቆረጠች ቆረጠች፣ መለወጥ ብቻ ነው። የእናንተው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ መነሳቱ ቴርሞስታቷ ደህና እንደነበረች ያሳያል። ‹ውስጤ ነደደ› ስትል አፏን አስያዟት!

ለምን ነደደ? ማራገቢያው ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አቧራና የወጥ ቅባት ውጦት። ግድግዳ ላይ ተጠግቶም ሊሆን ይችላል። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ተናገሪ፤ ላዩ ላይ ዳንቴል አልብሰሽዋል? የኛ ቤት ያልለበሰ ዕቃ አይወድም፤ ቴሌቪዥኑም ይለብሳል፣ ፍሪጁም ይለብሳል። ማይክሮዌቭ ግን የሚተነፍሰው በጎንና በጀርባው፣ አንዳንዱም በላዩ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ከላይ አንድ ስንዝር፣ ከጀርባም አንድ እጅ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ተዪለት። ባዶውን አታስነሺው፤ ወርቅ ቅብ ጠርዝ ያለው ሲኒም አታስገቢበት።

ጓደኞችሽ ‹ነቅሎ ከከፈተው ምን ችግር አለው?› ይሉሽ ይሆናል። ትልቁ ችግር እዚህ ነው። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 2,000 ገደማ ያሳድገዋል፤ ካፓሲተሩና ዳዮዱ ተጋግዘው ወደ 4,000 ያደርሱታል። ማግኔትሮን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለራዳር ያገለገለ ዕቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አጠገቡ ቆሞ ኪሱ ውስጥ ቸኮሌት ስለቀለጠበት ነው ወደ ማድ ቤት የገባው። በትንሽ ኃይል አይነሳም። ካፓሲተሩ ታዲያ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ያንን ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ብዙዎቹ ውስጣቸው ቀስ እያለ የሚያራግፍላቸው ነገር አለ፤ እሱ ከተበላሸ ግን ማን ይነግርሻል? ሰው የሚገድል መጠን ነው። እጮኛሽ ሦስት ጊዜ ከፍቶ ከፊትሽ ቆሞ ማኩረፉ ራሱ ተመስገን የሚያሰኝ ነው። ባለሙያዎች ካፓሲተሩን እንዴት እንደሚያራግፉ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ጋዜጣ በግራ እጁ ይዞ በቀኝ እጁ የሚሞክር ሰው አይጠፋም።

ስለዚህ ወደ ጥገና ቤት ይወሰድ። እዚያም ‹አሠራልኝ› ብለሽ ብቻ አትመለሺ። ሽቦ የታሰረበት ፊውዝ እንዳለ፣ ቴርሞስታትም እንደተዘለለ አስቀድመሽ ንገሪው፤ አትፈሪ። ፊውዙ በአምፔርም በቮልትም ልክ የድሮው ዓይነት ይሁን። ‹8 የለም፣ 15 ላድርግልሽ› ካለሽ አመስግነሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂጂ። ቴርሞስታቷም ቁጥሯ ያው ይሁን፤ ‹ቶሎ እንዳትቆርጥ› ተብሎ ከፍ ያለ ቁጥር አይገባም። አዲሷን ከመግጠሙ በፊት በቴስተር ይንካት፤ ቀዝቃዛ ሳለች ቴስተሩ መጮህ አለበት። የበሩን ሦስት ማብሪያዎችና ማራገቢያውን እንዲያይልሽ፣ የጋሉትንም ሽቦዎች እንዲለውጥ ጠይቂ፤ ሽታው ከእነሱ ይመስለኛል። የወጡትን ዕቃዎች ተቀበዪው። ፊውዝና ቴርሞስታት ከማይክሮዌቩ ዋጋ ጋር ሲተያዩ ኢምንት ናቸው። ‹ማግኔትሮኑ ሄዷል› ከተባልሽ ግን ሒሳቡን ከአዲስ ዋጋ ጋር አስተያዪ።

ቤት ሲመለስ ሩብ ሊትር ውሃ በብርጭቆ አስገቢና ሙከራ አድርጊ። ባለ 700 ዋት ከሆነ በሁለት ተኩል ደቂቃ ገደማ ሊፈላ ይገባል። ውሃው ሲወጣ ድንገት ሊገነፍል ስለሚችል የእንጨት ማንኪያ ጣል አድርጊበት፤ እጅሽንም ጠብቂ።

ቀሪው ጉዳይ እጮኛሽ ነው። እሱ ሳያውቅ ዕቃውን ወደ ጥገና ቤት እንዳትወስጂው። ‹ፊውዙ ነው ያልከው ልክ ነበር፤ ለምን እንደሚቃጠል ግን አብረን ሄደን እንጠይቅ› በዪውና አብሮሽ ይሂድ። ሐሰት አይደለም፤ መጀመሪያ ያገኘው እሱ ነው። ስለ ደሞዝ ትንፍሽ እንዳትዪ። ስለ ልጁ ብቻ አውሪ። ብዙ ወንድ በሙያው ሲነኩት ይቆጣል እንጂ ‹ልጁ ብቻውን ሲሆን እፈራለሁ› ስትዪው ልቡ ይራራል። እምቢ ካለ ማይክሮዌቩ እንደተነቀለ ይቀመጥ፤ በዚህ አትደራደሪ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነገር ተነግሮት ስለ ክብሩ ብቻ የሚያስብ ከሆነ ደግሞ ከሠርጉ በፊት ያየሽው ይሻላል፤ ሌላው ቀርቶ ቤቱን አብሮሽ የሚኖርበት እሱ ነው።

ለእህትሽ ፋሲካን አትጠብቂ፤ ዛሬ ደውይላት። በሻንጣ ኪሎ ተጨቃጭቃ ያመጣችው ለልጁ ብላ ነው፤ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ እሱ ነው የምትጠይቅሽ።

*

ቦታ ስለተረፈን አንድ አጭር ጥያቄ እንመልስ። አንድ ወጣት «አጎቴ ከዋሽንግተን ያመጣልኝ ማይክሮዌቭ ገና ስሰካው ‹ጧ!› ብሎ ፊውዙ ተቃጠለ። ከፍ ያለ ፊውዝ ላድርግለት?» ይላል።

በፍጹም! ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው፤ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይልሃል። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ቮልት ነው የሰጠኸው። ከፍ ያለ ፊውዝ ብታደርግ የሚተርፈውን ዕቃ ታቃጥለዋለህ። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ልግዛ ካልክ ቢያንስ 2,000 ዋት የሚችል፣ ከባድና ውድ መግዛት አለብህ። እሱም ኸርዙን አይለውጥልህም፤ ለ60 የተሠራው የውስጥ ትራንስፎርመር በ50 ይበልጥ ይግላል፤ ሰዓቱም ከመስመሩ የሚቆጥር ዓይነት ከሆነ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። እኔ ብሆን አጎቴን አመስግኜ፣ ወደዚያው ለሚመለስ ሰው እሰጠው ነበር።

እስከ ሳምንት ደህና ሰንብቱ።