ልጅቱ በኮታ አልገባችም

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ቡና ጠርታን ነበር። የ8ኛ ክፍል ልጇ ቲጄ ገብታላት ደስታ ነው። እልል ብለን፣ ልጅቱን አገላብጠን ስመን ተቀመጥን። ቶናው ሲቀዳ አንድ ወንድማችን ፈንዲሻውን እየዘገነ፣ «ያው አሁን በኮታ ሆኗል፤ ፈተናው ቢኖር ኖሮ…» አለ። ልጅቱ ሲኒ ልታነሣ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። ትሪውን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ወጣች፤ እኛ እስክንሄድ አልተመለሰችም።

ሳምንቱን ሙሉ የልጅቱ ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ቲጄ የምንለው፣ እዚህ አሜሪካ ፌርፋክስ ካውንቲ የሚያስተዳድረው የቶማስ ጄፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስከ 2020 ድረስ ተማሪ የሚመርጠው በመግቢያ ፈተና ነበር። ለማመልከት ብቻ 100 ዶላር ይከፈላል። በዚያ ዓመት 486 ልጆች ሲቀበል ጥቁር ተማሪዎች 10 አይሞሉም ነበር። ከችግረኛ ቤተሰብ የመጡት ደግሞ ከመቶ 1 እንኳ አልደረሱም። የትምህርት ቦርዱ ፈተናውንም ክፍያውንም አስቀረና ለእያንዳንዱ የሕዝብ ሚድል ስኩል ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎቹ 1.5 በመቶ ለሚሆኑት ቦታ ያዘ። አመልካቹ ቢያንስ 3.5 ጂፒኤ ሊኖረው፣ አልጀብራ 1 ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ፣ ድርሰትም ሊጽፍ ይገባዋል። ማመልከቻውን የሚያነቡት ሰዎች የልጁን ስም፣ ዘርና ጾታ አያዩም። ስሟን ያላየ ሰው በቆዳዋ ቀለም እንዴት አድርጎ ያስገባታል?

ብዙዎቹ የእስያ ተወላጆች የሆኑ ወላጆች በ2021 ቦርዱን ከሰሱ። ከአዲሱ ደንብ በኋላ የልጆቻቸው ድርሻ ከ73 በመቶ ወደ 54 በመቶ ወርዶ ነበርና ቅሬታቸውን አልንቀውም፤ እነሱም እንደኛ ሻንጣ አንጠልጥለው የመጡ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በአሮጌው ደንብ መጨረሻ ዓመት ከችግረኛ ቤት የገባው የእስያ ተወላጅ 1 ልጅ ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ የመጀመሪያ ዓመት 51 ሆኑ። ደንቡ በሩን የከፈተው ለእነሱ ድሆችም ጭምር ነው። በ2022 አንድ ዳኛ ለወላጆቹ ፈረደ፤ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው፤ በየካቲት 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ታውቁኛላችሁ፤ እኔ የፈተና ሰው ነኝ። ከወረዳ ከተማ አውጥቶ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝ ማትሪክ ነው። «ፈተና ዘመድ አያውቅም» ብዬ ከስንቶቻችሁ ጋር ተከራክሬአለሁ። አሁንም የገዛ እጁን ውጤት ይዞ የቆመን ልጅ የሚያህል የለም እላለሁ።

ግን ማትሪክ በተፈተንኩበት ዓመት የሆነውንም አልረሳሁትም። የፊዚክስ መምህራችን ከፋሲካ በፊት ተዛውሮ ሄደ፤ የተካው ሰው አልነበረም። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ነበርን። ፊዚክሱን እየተነተነ ያስረዳኝ የነበረው ጓደኛዬ እንግሊዝኛ ጣለውና ቀረ። እሱ ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ ይህን ስል ትሕትና አይደለም፣ የክፍላችን ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ነው። እዚያው አገራችን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲታረም ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከ1,000 ትምህርት ቤት አንድ ጎበዝ ልጅ ጠፋ ብሎ የሚያምን ሰው አለ? ፈተናው የለካው የልጁን ጭንቅላት ብቻ ሳይሆን መምህሩን፣ መጽሐፉን፣ የአባቱን ኪስም ነው። ፌርፋክስም ዓመቱን ሙሉ አስጠኚ የተቀጠረለትንና ከትምህርት ቤት ተመልሶ ታናናሾቹን የሚጠብቀውን በአንድ ወንፊት ሲነፋ ኖሯል። ለየትምህርት ቤቱ ቦታ መያዙ ፍትሕ ነው እላለሁ። ጎበዝን በየሰፈሩ ሄዶ መፈለግ ማለት ነውና።

ያን እሑድ ከሄድን በኋላ ጎረቤቴን ልጠይቃት ብቻዬን ተመለስኩ። «ለመሆኑ ቲጄን እንዴት አወቃችሁት?» አልኳት። እሷ ሌሊት ሆቴል ታጸዳለች። ልጅቱ 6ኛ ክፍል ሳለች የሒሳብ መምህሯ ደውላ፣ «ልጅሽን ከፍ ወዳለው የሒሳብ ክፍል ላስገባት» አለቻት። «እኔ ምኑንም አላወቅሁት፤ እሺ አልኳት» አለችኝ። ያን ጊዜ እሺ ባትል ኖሮ ልጅቱ 8ኛ ክፍል አልጀብራ 1 አትደርስም፤ አልጀብራ 1 ያልደረሰ ደግሞ ማመልከት አይችልም። እኛ ስለ ፈተናና ስለ ኮታ ስንነታረክ፣ የብዙ ልጆቻችን በር ገና በ6ኛ ክፍል ማንም ሳያየው ይዘጋል። የ1.5 በመቶውም ደንብ ይህን አይከፍተውም።

ወንድማችን ሄዶ ልጅቱን እንኳን ደስ ያለሽ ይበላት፤ ይህ ዕዳ አለበት። የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ደግሞ የመምህር ስልክ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ትምህርት ቤቱ ደውላችሁ «ልጄ በ8ኛ ክፍል አልጀብራ 1 ይደርሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ አቅርቡልን በሉ። መብታችሁ ነው፤ ክፍያም የለውም።