ከጥፋት ውሃ በኋላ ማን አለቀሰ?

በተማሪነቴ ዘመን፣ አንድ ክረምት ለእረፍት ወደ ወሎ ስሄድ በቦርሳዬ ውስጥ እንደ ጦር መሣሪያ የምቆጥረው አንድ ጥራዝ ይዤ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ወስጄ በፎቶ ኮፒ ያባዛሁት የጊልጋሜሽ ታሪክ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ዐሥራ አንደኛውን ጽላት በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። የምዘምትበትም ሰው አስቀድሞ ተመርጧል፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ግእዝ ያስቆጠሩኝ፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ የኔታ የሚላቸው ሰው።

እራት ተበልቶ ቡናው ቶና ላይ እንደደረሰ ወረቀቴን ዘረጋሁ። አማልክት ሰውን በውሃ ሊያጠፉ እንደመከሩ፣ አንድ ሰው በምስጢር ተነግሮት መርከብ እንደሠራ፣ ከቤተሰቡና ከእንስሳቱ ጋር ገብቶ በሩን እንደዘጋ፣ መርከቡ በተራራ ላይ እንዳረፈ፣ ሰውየውም ርግብ፣ ወንጭፊትና ቁራ በየተራ እንደላከ ተረኩላቸው። በመጨረሻም ለሳምንታት ያጠናሁትን ተናገርኩ፤ «ስለዚህ የኔታ፣ የኖኅ ነገር ታሪክ ሳይሆን ከባቢሎን የተቀዳ ተረት ነው።»

እናቴ ከረከቦቱ አጠገብ ሆና በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። የኔታ ግን አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣

«በዚያ በአንተ መጽሐፍ ውስጥ ያለቀሰ ሰው አለ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም» አልኩ፣ ጥያቄው ከክርክር የመሸሻ መንገድ መስሎኝ።

«እንግዲያው ሄኖክን ሳታነብ ነው የመጣኸው» ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ።

በዚያ ሌሊት ያሸነፍኩ መስሎኝ ተኛሁ።

አንባቢ ሆይ፣ አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። ዓለምን በሙሉ የሸፈነ የጥፋት ውሃ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ስል የሚቀየመኝ ወዳጅ እንደማላጣም አውቃለሁ። በመካከለኛው አውሮፓ የዛፍ ግንድ ቀለበቶችን የሚያጠኑ ሰዎች፣ የሞተውን ዛፍ ከሕያው ጋር እያገጣጠሙ፣ ዓመት ሳይዘሉ ከ12 ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቆጥረዋል፤ ምድር ሁሉ ሰጥማ ዛፍ ያላደገበት ዓመት ግን አልገጠማቸውም። ግብፅም ቢሆን ፒራሚዶቿን ከሠራች በኋላ ንጉሥ በንጉሥ እየተካች ስትኖር እናያታለን እንጂ ሕዝቧ ሁሉ ጠፍቶ እንደገና ከአንድ ቤተሰብ ስትጀምር አናያትም። ይህን ያህል ካልኩ በኋላ ግን፣ «ተረት ነው» ብሎ እጁን አራግፎ ከሚሄደው ሰው ጋርም አልስማማም። ያንን ሰው አውቀዋለሁ፤ በዚያ ክረምት እኔው ነበርኩ።

ክርክሩ ዛሬ በያዘው መልክ የተጀመረበትን ቀን በትክክል መናገር ይቻላል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1872፣ ለንደን። ተናጋሪው ጆርጅ ስሚዝ ይባላል። ከድኻ ቤተሰብ ተወልዶ በዐሥራዎቹ ዕድሜ የባንክ ኖት ሥዕል በብረት ላይ መቅረጽን ሊማር ሥራ የገባ፣ የምሳ ሰዓቱን በብሪቲሽ ሙዚየም የሸክላ ጽላቶችን ሲመረምር የሚያሳልፍ፣ የጥንቱን ፊደል ያለ አስተማሪ ያጠና ወጣት ነበር። በኋላ ሙዚየሙ ራሱ ቀጠረው። ከነነዌ፣ ከንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ፍርስራሽ ከመጡት ስብርባሪዎች በአንዱ ላይ መርከብ በተራራ ላይ ማረፉንና አንዲት ርግብ ወጥታ መመለሷን አነበበ። በዚያች ቅጽበት ከደስታው ብዛት በክፍሉ ውስጥ እየተሯሯጠ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ ይባላል። (እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ነገር ግን ስለ ጥፋት ውሃ ታሪክነት የምንከራከርበት ሰው እንኳ የራሱ አፈ ታሪክ ያለው መሆኑ ደስ ይለኛል።) ንግግሩን ሊሰሙ ከተገኙት መካከል የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን ይገኝበታል። ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ገንዘብ አውጥቶ የጎደለውን ክፍል እንዲፈልግ ወደ ነነዌ ላከው፤ በ1873 ሄዶ በዚያ ሁሉ የፍርስራሽ ክምር ውስጥ የጥፋት ውሃን የሚናገር ሌላ ስባሪ አገኘ! ከጊዜ በኋላ ሲመረመር ስባሪው የጊልጋሜሽ ሳይሆን አትራሐሲስ የሚባለው፣ ከእርሱ የሚቀድም ድርሰት ክፍል ሆኖ ተገኘ። ስሚዝ ይህን ሳያውቅ በ1876 ከሌላ ጉዞ ሲመለስ ሐለብ አጠገብ ታሞ ሞተ፤ ዕድሜው 36 ነበር።

የአትራሐሲስ ደራሲ የሚሰጠውን ምክንያት ልብ ይሏል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው ቅጂ፣ አማልክት ሰውን ለማጥፋት የወሰኑት ስለ ኃጢአቱ አይደለም፤ ስለ ጩኸቱ ነው። ሰው በዝቶ ጫጫታው ኤንሊልን እንቅልፍ ነሣው። ኋላም ውሃው ሁሉን ሲጠርግ የሚሠዋላቸው ሰው ስለጠፋ አማልክቱ ራሳቸው ተራቡ። እስራኤላውያን ይህንኑ ውሃ ሲተርኩ ምክንያቱን ወደ ግፍና ወደ ክፋት መለሱት። ውሃው አንድ ነው፤ ጥያቄው ግን ሌላ ሆኗል። «ከባቢሎን የተቀዳ» ብዬ የደነፋሁት እኔ ይህን አላየሁም ነበር። የሚቀዳ ሰው ዋናውን ነገር አይለውጥም።

ከጽላቱ ቀጥሎ የመጣው ጭቃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሊዮናርድ ዎሊ በኡር፣ በዛሬይቱ ደቡብ ኢራቅ፣ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ከ2 ሜትር ተኩል የሚበልጥ ውፍረት ያለው ንጹሕ፣ ውሃ ያመጣው ደለል አጋጠመው። ከላዩም ከታቹም የሰው ልጅ የኖረበት ምልክት አለ። ሚስቱን ጠርቶ ቢያሳያት «የጥፋት ውሃ ነዋ» ብላ እንደ ቀላል ነገር አልፋው ሄደች፤ ይህን የነገረን እርሱ ራሱ ነው። ጋዜጦች አስተጋቡት። ሆኖም በኪሽና በሹሩፓክ የተገኙት ደለሎች ዘመናቸው ከኡሩ አልገጠመም፤ ዎሊም ራሱ የዓለም ሳይሆን የሸለቆው ጎርፍ ነው ከማለት አላለፈም። ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሜዳ ወንዞች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ሞልተዋል፣ ብዙ ጊዜም አጥፍተዋል።

ከዚያ ወዲህ ፍለጋው አልቆመም። ዊልያም ራያንና ዋልተር ፒትማን በ1997 ጥቁር ባሕር ከ7 ሺህ 600 ዓመት ገደማ በፊት በድንገት ሞልቶ ዳርቻውን ዋጠ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሙላቱ እነርሱ ያሉትን ያህል አልነበረም ብለው ተሟገቱ። በ2016 የቻይናውን የታላቁን ዩ ጎርፍ ቢጫ ወንዝን ዘግቶ ከቆየ ናዳ መደርመስ ጋር የሚያያይዝ ጥናት ወጣ፤ እርሱም ተቃዋሚ አላጣም። በዚያው ዓመት ፓትሪክ ነንና ኒኮላስ ሪድ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች በ21 የባሕር ዳርቻ ስፍራዎች የሚተርኩት «ባሕሩ መጥቶ መሬታችንን ወሰደ» የሚል ትረካ ከ7 ሺህ ዓመት የሚበልጥ ትዝታ ሊሆን ይችላል ሲሉ ጻፉ። ይህ የመጨረሻው ልቤን ይነካዋል። አፍ ይህን ያህል ዘመን የሚይዝ ከሆነ፣ ከመጽሐፍ ውጭ ትዝታ የለም የምንል እኛ ፊደል ቆጣሪዎች ማፈር ይገባናል።

ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት ጭቃ ፈላጊውና ተረት ባዩ አንድ ሰው ናቸው። ሁለቱም እውነት የሚሉት በሜትር የሚለካውን ብቻ ነው። አንዱ ደለል ሲያገኝ «ታሪክ!» ይላል፤ ሌላው ደለሉ ሲያጥርበት «ተረት!» ይላል። ሁለቱም ትረካውን አያነቡትም።

የእኛ ቋንቋ ግን ሦስተኛ ቃል አለው፤ አፈ ታሪክ። ተረት በሩ የታወቀ ነው፤ ሲጀመር ተረት መሆኑ ይነገራል፣ ሲያልቅም አፍ በዳቦ ይታበሳል። የትም ቢሆን፣ መቼም ቢሆን የሆነ ነው። አፈ ታሪክ ግን በጣት ያሳያል። በእኛ አገር ከደሴ በስተሰሜን ያለውን ሐይቅ ውሰዱ። የአካባቢው ሰው እንደሚተርከው አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተዋለባት፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችባት ቁራሽ መሬት በቀር ዙሪያውን ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች። ያቺ ቁራሽ መሬት ደሴት ሆነች፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዛ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝባት ናት። የሥነ ምድር ሊቅ ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚለው ሌላ ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ያን ውሃ እያየ ያደገ ልጅ ነፍሰ ጡር ሴት መበደል ምን እንደሚያመጣ ያውቃል፤ የሥነ ምድር ሊቁ ይህን ሊነግረው አይችልም፤ ሥራውም አይደለም።

«ምድር ሁሉ» የሚለውም አነጋገር ቢሆን እንዲህ አያስቸግር ነበር፣ ጆሯችንን ብንሰጠው። ገበሬ «አገር ምድሩ ውሃ ሆነ» ሲል የሰማ ሰው ስለ አሜሪካ አይጠይቀውም። ምድር ማለት ማሳው ነው፣ ቀዬው ነው፣ ልጆቹ የሚኖሩበት ነው። በኤፍራጥስ ሜዳ ላይ ተራራ በማይታይበት አገር ቤቱ የተወሰደበት ሰው ዓለም ጠፋች ቢል ዋሸ ልንለው ነው?

ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላወቅነውም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋው ብቻ የሚታይ ወንዝ ነው። ዝናቡ የጣለው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነበርና ውሃው የመጣው በሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ቀኑ ተመዝግቧል፣ ቁጥሩም ተመዝግቧል፤ ታሪክ ሥራውን ሠርቷል። ከዚያች ሌሊት የተረፈ ሰው ግን ቁጥሩን ብትነግረው የሚጠይቀውን ሁሉ የመለስክለት አይምሰልህ። እርሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ጎረቤቴ ለምን? እኔስ ለምን ተረፍኩ? ለዚህ ጥያቄ መዝገብ የለውም። የጥፋት ውሃ ትረካዎች ሁሉ፣ የሱመሩ ዚዩሱድራ፣ የግሪኩ ዴውካልዮን፣ ዓሣ ያስጠነቀቀው የሕንዱ ማኑ፣ የሚያተኩሩት በሰጠመው ላይ ሳይሆን በተረፈው ላይ መሆኑን ያስተዋለ ሰው የማን ድምፅ እንደሆነ ይገባዋል። የሰጠመ አይተርክም።

ሄኖክን ያነበብኩት የኔታ ከነገሩኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አስቀድሜ ዘፍጥረትን ደገምኩ፤ አንድ ነገርም አስደነገጠኝ። ኖኅ በዚያ ሁሉ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም። ታዘዘ፣ ሠራ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ሠዋ። የመጀመሪያ ንግግሩ የሚሰማው ከወይን ጠጁ ነቅቶ ከነዓንን ሲረግም ነው። ዓለም ስትጠፋ ዝም ያለ ሰው! በመጽሐፈ ሄኖክ 65ኛው ምዕራፍ ግን ውሃው ሳይመጣ ኖኅ ምድር ስታዘነብልና ጥፋቷ ሲቀርብ ያያል፤ ተነሥቶ ወደ ምድር ዳርቻ ይሄድና ወደ ቅድመ አያቱ ወደ ሄኖክ በመራራ ድምፅ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ስሙኝ ነው የሚለው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪወስድ ድረስ ይህ መጽሐፍ በሙሉነቱ ለዚያ ዓለም የጠፋ ነበር። በኋላ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኙ፤ ይህ ጩኸት ያለበት ክፍል ግን ከነዚያ መካከል የለም። በግሪክኛም አልተረፈም። የኖኅ ጩኸት የቀረልን በግእዝ ብቻ ነው። የኔታ ይህን የቁምራን ነገር ይወቁት አይወቁት አልጠየቅኳቸውም፤ ጩኸቱን ግን በቃላቸው ያውቁት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያንን አሮጌ ፎቶ ኮፒ ከሻንጣ ሥር አወጣሁት። ቀዩ ቀለም ደብዝዟል። የመርከቡ ልክ ተሰምሮበታል፤ ወፎቹ ተሰምሮባቸዋል፤ ተራራው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፣ በኅዳጉም ላይ «ኖኅ!» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከወፎቹ ጥቂት ስንኞች ቀደም ብሎ ኡትናፒሽቲም መስኮቱን ይከፍታል፤ ብርሃን ፊቱ ላይ ያርፋል፤ ጸጥታ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ጭቃ ተመልሷል። ሰውየው ይንበረከካል፤ ይቀመጣል፤ ያለቅሳል፤ እንባው በፊቱ ላይ ይወርዳል።

እዚያ ላይ መስመር የለም። የኔታ ካረፉ ያኔ አራተኛ ዓመታቸው ነበር፤ «አለ የኔታ፣ ያለቀሰ አለ» የምላቸው ሰው አጣሁ።