ድምፅ በነፃ፣ ወንበር በወረፋ

እኔ የምለው፣ አሜሪካን አይድል ላይ ማን ይቅር ማን ይሂድ የሚለው ሕዝቡ ነው አይደል? ታዲያ ያው ሕዝብ ኮንሰርት ልግባ ሲል ለምን የሚያውቀው ይጠፋል?

ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2002 በፎክስ ቴሌቪዥን ሲጀመር የድምፅ አሰጣጡ እጅግ ለጋስ ነበር። መስመሩ ነፃ ነው፤ ጣትህ እስኪዝል ትደውላለህ። (እኛ ጋ የአጭር ቁጥሩ መልእክት ራሱ ብር ይቆርጣል፤ እሱን ሌላ ቀን።) በ2003 ሩበን ስተዳርድ ክሌይ ኤከንን የረታው ከ24 ሚሊዮን ድምፅ ውስጥ በ134 ሺህ ገደማ ብልጫ ነበር። ስንት ጎረምሳ የእናቱን ስልክ ታቅፎ እንዳመሸ አስቡት!

ለእኔ ግን ትልቁ ፍልሚያ የፍጻሜው ምሽት አይደለም፤ 11 ሰው የቀረበት ሳምንት ነው። ከውድድሩ በኋላ የሚከተለው የኮንሰርት ጉዞ ለብዙ ዓመታት የሚወስደው 10 ዘፋኝ ብቻ ነበራ። 10ኛ የወጣው በየከተማው አዳራሽ እየዘፈነ ይከፈለዋል፣ 11ኛው ሻንጣውን ይሸክፋል። በ2011 ዳኞቹ ኬሲ አብራምስን በዚያው ሳምንት ከመባረር ሲያድኑት ጉዞው ወደ 11 ሰው ሰፋ። እናላችሁ፣ ያ ደዋይ አንድ ዘፋኝ ብቻ አልመረጠም። የኮንሰርቱን ዝርዝር በነፃ አዘጋጅቶ፣ በጓደኞቹ መሃል በነፃ አስተዋውቆ ሰጥቷቸዋል።

ከዚያ ቲኬት የሚሸጥበት ጠዋት ይመጣል። በአሜሪካ የኮንሰርት ገበያ ቅድመ ሽያጭ የሚባል ነገር አለ፤ የእንትን ባንክ ካርድ ያለው ይቅደም፣ የአድናቂዎች ክበብ አባል ይቅደም። የተረፈው ከቦት ጋር ይጋፋል። ቦትን የሚከለክል ሕግ በ2016 ወጥቷል፤ በኅዳር 2022 ግን የቴይለር ስዊፍት ቲኬት ሲሸጥ ቲኬትማስተር ላይ የሆነውን ሁላችንም አይተናል።

«የአይድል ቲኬት እኮ ያን ያህል አይጠፋም ነበር» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። በ2010 ገዢ ስላነሰ የተሰረዙ ኮንሰርቶች ነበሩ፤ በ2015 የተጓዙት 5 ዘፋኞች ብቻ ናቸው። ግን እስቲ መራጩ ማን እንደነበር እናስብ። ጉዞው ለዓመታት ፖፕ ታርትስ የሚባለውን የልጆች ቁርስ ስም አንጠልጥሎ ነው የዞረው። የ13 ዓመት ልጅ መቶ ጊዜ መደወል ይችላል፤ የባንክ ካርድ ግን የለውም። አንድ ቲኬት ለእሱ፣ አንድ ለሚያመጣው ወላጅ፣ በዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ላይ የመኪና ማቆሚያ። ስልኩ ላይ የበረታው ልጅ በሩ ላይ ቢጠፋ ምን ይገርማል?

መፍትሔው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ውድድሩ በ2018 ወደ ኤቢሲ ከዞረ ወዲህ ሰው በድረ ገጽ አካውንት እየከፈተ ድምፅ ሲሰጥ ቆይቷል። ማን ስንት ሳምንት እንደመረጠ ተመዝግቧል ማለት ነው። እንግዲያው የሽያጩ የመጀመሪያ ቀን ለባንክ ካርድ ሳይሆን ለመራጩ ይሁን፤ ዋጋውም ቲኬቱ ላይ የታተመው፣ መልሶ መሸጥም ቢሆን በዚያው ዋጋ። ለቲኬት ሲል ብቻ የሚመርጥ ይበዛል ትሉኝ ይሆናል። ይብዛ! ቢያንስ ቁጭ ብሎ ሲዘፍኑ ሰምቷል። ቦቱ ያንን እንኳ አላደረገም።